የእናቴ ሰንጢ

በእኛ ቤት ከሴቶቹ ቦርሳ ሰንጢ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከአያቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። በቀደም ከእናቴ ጋር ከአብነት ወደ ልደታ ስንሄድ፣ ሞተር ላይ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ሻርፗ ጎማው ውስጥ ገብቶ አነቃት። ሞተሩ ቢቆምም ሻርፑ አልላቀቅ አለ። እናቴ ሰንጢዋን ይዛ ስትሮጥ አንድ ሰውዬ ልትወጋት መስሎት ክንዷን ያዘ። "ልቀቃት፣ ልትቆርጥላት ነው" ብዬ ገፈተርኩት። እናቴ በልጅቷ አንገትና በሻርፑ መሃል ጣቷን አስገብታ ቆረጠችው።

ልጅቷ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿ ሲመለስ፣ "እማማ፣ ሰንጢ ለምን ይዘው ይዞራሉ?" አለቻት።

እናቴ የልጅቷን ፀጉር እየደባበሰች፣ "ክፉ ሰው ቢመጣብኝ ብዬ ነበር፣ ልጄ። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ አንቺ መጣሽልኝ" አለቻት።