የማሲንቆው ዘፋኝ አድናቂዎች ስንብት

ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ የማይተዋወቁ አንድ ጎልማሳ ሰውና አንዲት ወጣት ሴት ሲያወሩ ሰማሁ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ይቅርታ አያ፣ ስልክዎን አየሁት። የዚያ የማሲንቆ ዘፋኝ አድናቂዎች ግሩፕ አይደለም?»

«ነው። አለሽበት?»

«ከተማሪነቴ ጀምሮ። ምን እየጻፉ ነው?»

«ስንብት። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እዘጋዋለሁ።»

«ምነው?»

«ዘፋኙ መነኮሰ። ዘፈኖቼን ከእንግዲህ አትቀባበሉብኝ ብሎ ላከብኝ።»

«እኛኮ ስለ ዘፈን ማውራት ከተውን ቆየን። እናቴ የሞተች ጊዜ ከአዲ አርቃይ ድረስ ለቅሶ የደረሱልኝ የግሩፑ ሰዎች ናቸው። በመልክ እንኳ አላውቃቸውም ነበር።»

«ለቅሶው የት ነበር?»

«እንፍራንዝ።»

«እኔም መጥቼ ነበር። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ወጣሁ።»

«አላየሁዎትም።»

«እንዴት ታይኛለሽ? እያለቀስሽ ነበርኮ።»



«ታዲያ ዘፈኖቹን ያጥፏቸውና ሰዎቹን ይተዉልን።»

«ቃል ሰጥቻለሁ ልጄ። ሰዎቹ ደግሞ ስለዘጋሁት አይጠፉም።»

«እሺ፣ የእኔንም ሰላምታ ይጨምሩበት።»

ጻፈ።

«ዘጉት?»

«ዘጋሁት።»

«እስከ ዛሬ የማውቅዎ በግሩፑ ስምዎ ነው። አሁን ማን ልበልዎ?»

«ሙሉ እባላለሁ። አንቺስ?»

«እናኑ።»

«እናኑ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። ያን ቀን ሳልነግርሽ ነው የሄድኩት።»

እኔ አዘዞ ላይ ወራጅ ማለት ነበረብኝ፤ ሳልል ፒያሳ ደረስኩ።