ከምስሉ እንዳትወጣ

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ በስፒል ስታያይዝ የወንድሟ ሚስት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመጣችው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ልጇን ልትወስድ።

ልጅቷ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ ቀን እያስተማረች ማታ ማታ ስትማር፣ አባቷም በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ሲመላለስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደገችው እዚህ፣ ከስፌት መኪናው ሥር፣ በአክስቷ እጅ ነው። እናትየው ባለፈው ሐሙስ ማስተርሷን ከነማስተማር ፈቃዷ ተቀበለች። ትናንት ደውላ «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ልጄ እኔው ጋ ትደር» ብላ ስትናገር፣ ከወዲያ በኩል የመጣው መልስ «ደግ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሌሊቱን ያ ቃል እንቅልፍ ነስቷት አደረ።

«ግቢ፣ ግቢ። ተኝታለች። እስክትነሳ አረፍ በይ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል። ለእሷ የተናገረችው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ ሁሉ ከደንበኛዋ ጋር ነበር።

ደንበኛዋ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ጎረቤት ናት። በርጩማ ላይ ቆማለች፤ ዙሪያዋን ስፒል ስለሆነ መንቀሳቀስ አትችልም።

«ፀሐዩ ደግሞ ሰሞኑን እንዴት ነው? ትናንት ያሰጣሁት ልብስ እኮ ገና እጄን ሳላደርቅ ደረቀ። ትንንሽ ካልሲ፣ ትንንሽ ሹራብ… ገመዱ ላይ ያየ ሰው የእኔ ልጅ ያለች ይመስለዋል። ሆሆ! ሰው አይሳሳትም አይባልም መቼም። ዞር በይ እስቲ ትንሽ። አይዞሽ፣ አልወጋሽም። እኔ ሰው መውጋት አልወድም።»

እናትየው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሶፋው አጠገብ የልጇ ሻንጣ ዚፑ ተዘግቶ፣ ተሰናድቶ ቆሟል። እሷ ሳትጠይቅ ሁሉም ነገር ታጥፎ፣ ተተኩሶ፣ ገብቷል። ይህን ስታይ ደስ ማለት ሲገባት ዓይኗን ከሻንጣው ላይ አነሳች።

«ጨርቅሽ ግን ደስ ሲል! ለምን ነበር ያልሽኝ? ለምረቃ? አይ፣ ለሠርግ ነው ለካ። ምረቃ ያልኩት ሰሞኑን አንዲት የማውቃት ሴት ተመርቃ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለቀረ ነው። አይ፣ አታውቂያትም። ሩቅ ናት። በጣም ሩቅ… አንገትሽን አታዙሪ የኔ ቆንጆ፣ ጠርዙ ይዛባብኛል።»

መድኃኒት ሻጯ ወደ ሶፋው ሊዞር የጀመረውን አንገቷን መለሰችና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረች።

«ማስተርስ ነው ያገኘችው። ከነፈቃዱ! በምን ትምህርት መሰለሽ? በሕፃናት። ሕፃን ለምን እንደሚያለቅስ፣ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ፣ ሲስቅስ ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ሁሉንም ጨርሳ አወቀችው። እኛ ሲያለቅስ ዝም ብለን ብድግ አድርገን እናቅፍ ነበር። ለካ ያለ ፈቃድ ኖሯል! አሁን ተቆጣጣሪ መጥቶ ‹ሁለት ዓመት ሙሉ በየትኛው ወረቀትሽ ነው ስታባብዪ የከረምሽው?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ስፒል ላሳየው?»

እናትየው ይህ የእሷ ምርጫ ብቻ እንዳልነበር ልትናገር ፈለገች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ የሌለውን መምህር በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያሰናብት ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ በመጀመሪያ ያማከረቻት ይህችኑ የባሏን እህት ነበር። «ሂጂ ተማሪ። ልጅቷን ለእኔ ተይልኝ» ያለቻትም እሷው ናት። ግን ይህን ለማን ትናገረው? ስሟን የጠራ የለም። «ስለ እኔ ነው የምታወሪው?» ብትል «ኧረ ምን በወጣሽ!» እንደምትባል ታውቃለች።

«ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። እንደ እኛ ተራ ነገር አትጠይቅም። ሌላው እናት ስትደውል ‹በላች? ተኛች? ሳሉ ተሻላት?› ነው የምትለው አይደል? እሷ እንደዚያ አይደለችም። ‹ዛሬ ምን አዲስ ቃል አወጣች?› ነው የምትለው። እንዴት ያለ አስተዋይነት ነው! እኔ ሞኟ… ማለቴ ልጇን የያዘችላት ሞኝ ሴትዮ ‹ትኩሳቷ እኮ በረደላት› ስትላት ‹እሱስ ጥሩ፣ ግን ሁለት ቃል ማገጣጠም ጀምራለች ወይ?› ትላታለች። ታዲያ አንድ ቀን ልጅቷ እውነትም ሁለት ቃል አገጣጠመች። ምን አለች መሰለሽ?»

ስፒሎቹን ከከንፈሯ መሐል አንድ በአንድ አወጣች።

«‹እማዬ የለችም።› … አየሽ? ሁለት ቃል። ያውም ስህተት የለበት። ሴትዮዋ ነገረቻት፤ እናትየው በስልክ እንዴት ደስ አላት መሰለሽ! ከዕድሜዋ ቀድማለች አለቻት።»

እናትየው ያን ስልክ ታስታውሰዋለች። ከፈተና ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነበር። እውነትም «ከዕድሜዋ ቀድማለች» ብላለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን መውረጃዋን አልፋ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዳለች፤ ያን የሚያውቅ የለም።

«ቀኝ እጅሽን ከፍ አድርጊልኝ። እንዲህ። ደክሞሻል እንዴ? ቆይ ዋናውን ልንገርሽ፤ ከዚያ ትወርጃለሽ። ትምህርታቸው ውስጥ ፊልም የሚሉት ፈተና አለ አሉ። ሕፃኑ በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን በስልክ መቅረጽ ነው። መርዳት የለም፣ መጥራት የለም፣ መንካት የለም። እጅ ካስገባሽ ወደቅሽ። ይቺ ጎበዟም ልትቀርጽ እዚህ መጣች… እዚህ ማለቴ እንደዚህ ያለ ክፍል። እንደዚህ ያለ የስፌት መኪና፣ እንደዚህ ያለ ሶፋ… የሰው ቤት መቼም ይመሳሰላል።

«ልጅቷ የመኪናውን እግር ይዛ ቆማ ነበር። ያኔ ገና አልሄደችም። ምን እንደታያት እንጃ፣ ለቀቀችው! ለቀቀችውና አንዴ ተራመደች። ወደ ማን? ወደ እናቷ ነዋ! ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እየሳቀች፣ ምራቋ እየተዝረበረበ። እናት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወደ ኋላ ሄደች። ልጅቷ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ። ልጅቷ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ። ኧረ አትሳቂ፣ ምን ታድርግ? ብትቀርባት እግሯ ከምስሉ ሊወጣባት ነው! እግር የሌለበት እርምጃ ማን ማርክ ይሰጥበታል? ጀርባዋ ግድግዳ ሲነካ ቆመች። ስልኳን ግን ዝቅ አላደረገችም፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ጽናቷ! ልጅቷም ቆመች። አየቻት። ‹ነይ› የሚላት ስታጣ ዞር አለችና ወደ… ወደ ሌላ ሰው ሄደች። ያ ሌላ ሰው መቼም ያልተማረ ነው፤ ስልክ አልያዘም። እጁ ባዶ ነበር።»

መድኃኒት ሻጯ አልሳቀችም፤ ቀድሞም አልሳቀችም ነበር።

እናትየው ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሰዎች ስለዚያ ፊልም ሲያደንቋት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርማት ነበር። ልጅቷ ዞር ስትል ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ክፍል ውስጥ በትልቁ ሲታይ ማንም አላስተዋለውም። የእሷ እጅ ነበር የተንቀጠቀጠው። «ያኔ ስልኩን መወርወር ነበረብኝ» እያለች ስንት ጊዜ አስባለች። እንደዚያ ብታደርግ ግን ፊልሙን እንደገና መቅረጽ ነበረባት፤ የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይቀረጽም።

«በፊልሙ አንደኛ ወጣች። መምህሮቿ አጨበጨቡላት አሉ። ‹አንዴም እጇን አላስገባችም!› ብለው። እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን አጨበጭባለሁ። እጇን አለማስገባት ከሆነ የሚያስመርቀው፣ ማስተርሱ ያንሳታል።

«አሁንማ ጨርሳለች፤ ልጇንም ልትወስድ ነው። ይገባታላ! የተማረ ሰው ቤት ማደግና የልብስ ሰፊ ቤት ማደግ አንድ ነው እንዴ? እዚህ ምን አለ? ክርና ቁልፍ። ያቺ ያልተማረች ሴትዮ ደግሞ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ለልጅቷ አዲስ ቀሚስ ሰፋችላት። ጠርዙን ወደ ውስጥ ሰፊ አድርጋ አጠፈችው፤ ልጅቷ ባደገች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተፈታ እንዲረዝምላት። ማን እንደሚፈታው ግን አላሰበችበትም። ትምህርት ቤት እጥፋት መፍታት ያስተምራሉ እንዴ? እንጃ… አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ እስቲ።»

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ሰለለ። ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ ምንም ያልወደቀበትን ቦታ በእጇ ዳበሰች። እናትየው ያኔ ነው የገባት፤ ሻንጣው ውስጥ ያለው ልብስ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲተኮስ ያደረ ነው። ተነስታ ልታቅፋት ፈለገች። «እትዬ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ሳይወጣ በፊት መጋረጃው ተንቀሳቀሰ።

ልጅቷ ናት። ጉንጯ ላይ የትራስ ስፌት ታትሞባት፣ አንድ እግር ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ወጣች። በእናቷና በአክስቷ መካከል ቆመች።

ልብስ ሰፊዋ አልጠራቻትም። እናቷም አልጠራቻትም። እናትየው ሕፃን ከእንቅልፉ ሲነቃ ምን መደረግ እንዳለበት ብዙ አንብባለች፤ ፊትን ማለዘብ፣ ቁመትን ማውረድ፣ ጊዜ መስጠት። አንዱም ትዝ አላላትም። ከሶፋው ብድግ ብላ ሄደችና ልጇን ከመሬት አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ጫማ ወለሉ ላይ ጣለችው። ለቅጽበት ሰውነቷ ጠነከረ፣ ትንሽ ቆይቶ ላላ፣ ከዚያ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ግን አክስቷ ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጫማውን አነሳች። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፤ በልጅቷ እግር አጠለቀችው፤ ክሩን አሰረችው። የወንድሟን ሚስት ፊት ቀና ብላ አላየችም። ሻንጣውን በሩ ድረስ አወጣችላት። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ደንበኛዋ ፊት ተንበረከከች፣ አንድ ስፒል በጥርሷ ያዘች፣ መልሳ አወጣችው። በሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

«በዚያች ባልኩሽ ሴት ላይ እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም» አለች፤ ድምፅዋ ማር ማር ይላል። «እንዲያውም እመርቃታለሁ። ለምን አልመርቃትም? የለፋችበትን ይባርክላት። ወንበሯን ከፍ ያድርግላት፣ ዶክትሬቱንም ያሳያት። የሰው ልጅ ሁሉ በእጇ ይማር፣ ይለወጥ። ቤቷን ሙሉ ያድርግላት…»

እናትየው በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ እግሯን አሳርፋ ቆመች። ምርቃት ለብዙ ጊዜ አልሰማችም ነበርና መስማት ፈለገች።

«…ደግሞም ሌላ ልጅ ይስጣት። በዚችኛዋ ተምራለች፤ ያቺኛዋን ታሳድጋት። ምነው ዝም አልሽ የኔ ቆንጆ? አሜን በዪላት እንጂ!»