ቦምቤይ ላይ የተገለበጠው ነጠላ

በኛ ጊዜ፣ አንቺ ሄለን፣ ሻንጣሽን ተይና ወዲህ ዙሪልኝማ፤ በኛ ጊዜ ለመብላትና ለመግዛት ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው አልነበረም እንዳትዪኝ። ባንኮክ ለአራት ቀን ልሄድ ነው ብለሽ ሰፈሩን አነቃነቅሽው። እኔ አልታዬ፣ የኮልፌው ሸማኔ ልጅ፣ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ቦምቤይ ሄጄ ሦስት ቀን ተዝናንቼ መጥቻለሁ! ሳቂ፣ ሳቂ። እዚያ ጥግ ያለሽው አንቺ ደግሞ ልጅሽን አስተኝተሽ ትጽፊ የለ? ጻፊው፤ እንዳወራሁት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ታዲያ እንዴት ሄድሽ በሉኝ። አባቴ ያኔ እዚሁ ኮልፌ፣ ከገበያው በታች፣ ደጁ ላይ እግሩን የሚያስገባበትን የሽመና ጉድጓድ ቆፍሮ ሸማ ይሠራል። ከጋሞ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። እና ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ትልቅ ሴት ደንበኛው ነበሩ፤ ባላቸው ግራዝማች፣ መኪናቸው ጥቁር፣ ኮልፌ ግን ወርደው አያውቁም፣ ሰው ነው የሚልኩ። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና የሙሽራዋን ቀሚስ ለአባቴ አዘዙ። አባቴ ያን ቀሚስ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው ብሎ ነው የያዘው! ጥለቱን ሲያስብ እህል አይበላም ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እህል አይበላም። ታዲያ ግማሽ እንዳደረሰው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሐሳባቸውን ለወጡ። ለምን? ባልንጀሮቻቸው! አንዷ ቤይሩት ሄዳ ጫማ አመጣች፣ አንዷ ሆንግ ኮንግ ደርሳ ዕቃ አመጣች፣ እና እሳቸው ልጃቸውን በሸማ ሊድሩ? "ሥራው ይቆየኝ፤ ለሙሽራዋ ከቦምቤይ ሐር ላመጣላት ነው" ብለው ላኩበት። ግማሹ ቀሚስ እንደተወጠረ ቀረ።

ይባስ ብለው እኔን አስጠሩኝ። "አንቺ የሸማኔ ልጅ ነሽ፣ ክር ታውቂያለሽ። ነጋዴው እንዳያታልለኝ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ዕቃም ትይዢልኛለሽ።" የእህታቸው ልጅ ገነት አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ ናትና ቲኬቱን በቅናሽ የምታወጣውም አብራን ሄዳ የምትተረጉምልንም እሷ ናት። አስቡት እንግዲህ! የአባቴን ሥራ የሚያስጥለውን ጨርቅ እኔው ልመርጥ!

"አባ፣ ልቅር?" አልኩት።

"ሂጂ" አለኝ። "ዓይንሽን ይዘሽ ሂጂ። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ቤታችን ጨርቅ ጠፍቶ ነው ወይ ባሕር የምትሻገሩት?"

እንዴት አድርጌ ልጠይቃቸው? እሳቸው ፊት እኔ አፍ አለኝ? ዋጥኩት። ዋጥኩትና ሄድኩ።

እና ቦምቤይ! ሙቀቱ እንደ ገላ መታጠቢያ ቤት እንፋሎት ነው፣ ሰዉ እንደ መርካቶ ነው፣ አይ፣ መርካቶን አሥር ጊዜ ብትደራርቢው ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሆቴል ሲወጡ "ነጭ በነጭ ልበሱ፤ የንጉሥ አገር ሰዎች መሆናችን ይታወቅ" አሉን። ታዲያ ሦስታችንም ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ሁሉም የአባቴ እጅ፣ አድርገን ወጣን። መጀመሪያ መብል ነበር። መንገድ ዳር ሰውዬው ድስት ሙሉ ዘይት ላይ የሆነ ነገር ይጠብሳል፣ ጠጋ ብዬ ባይ፣ ሳምቡሳ! "እትዬ፣ የኛ ሳምቡሳ!" ብዬ ጮህኩ። "ዝም በይ፣ አታዋርጂኝ" አሉኝና አምስት በሉ። ምግብ ቤት ስንገባ ደግሞ ሰዉ ሁሉ በቀኝ እጁ እየጠቀለለ ይበላል፤ እኔ እንደ ቤቴ ገባሁበት። እሳቸው ሹካ አስመጥተው ሽምብራውን ሲያሳድዱ ዋሉ። እና ቀኑ ዓርብ ነው፤ "ሥጋ የለውም፣ ጾም ነው" ብለው ሁለት ሳህን ጨረሱ። ለካ በቅቤ ነው የተሠራው! ገነት አውቃለች፣ ግን ዝም አለች። እኔም ኋላ ስትነግረኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ጨርቅ ቤት ገባን። ትልቅ ሱቅ ነው፣ ጫማ አውልቀሽ ነጭ ምንጣፍ ላይ ትቀመጫለሽ። ገና ስንገባ ሻጮቹ በሙሉ ብድግ አሉ። አንዱ ውኃ አመጣ፣ አንዱ ትራስ አመጣ፣ ድምፃቸው ዝቅ፣ አንገታቸው ዝቅ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በኩራት ሊፈነዱ! "አያችሁ? ጨዋ ሕዝብ ሰው ያውቃል።" ታዲያ ጨርቁን አመጡት፤ ነጭ። ሌላ አሉ፤ ነጭ። ሌላ፤ አመድማ።

"ገነት፣ ለሰርግ ነው በያቸው እንጂ! ለሰርግ!"

ገነት በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። የሱቁ ባለቤት፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ ግራ ተጋብቶ አየን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ነገራት። ገነት አፏን ያዘች። ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ ምንጣፉ ላይ ተደፋች።

"ምን አለ? ተናገሪ!"

"እትዬ... ባል የሞተብን መስሎት ነው! እዚህ አገር ነጭ በነጭ የምትለብሰው ባሏ የሞተባት ናት። ሦስታችሁም እንዴት ባንድ ጊዜ ብሎ አዝኖልን ነው!"

"ምን?! ግራዝማች በሕይወት አለ በይው! አሁኑኑ በይው! ጤነኛ ነው በይው!"

እና ሽማግሌው ሲሰማ እሱም ሳቀ፣ ሻጮቹም ሳቁ፣ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "እኔም ግር ብሎኝ ነበር። የሐዘን ልብስ ከሆነ ይሄ ዳሩ ላይ ያለው ቀለም ምንድን ነው?" ብሎ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ነጠላ ጫፍ አነሳ።

አሁን ስሙኝ። ሄለን፣ ስሚኝ። ሰውዬው ጥለቱን ፊት ለፊት አላየውም። ገለበጠው! ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ክሩ የሚዞርበትን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፣ እሳቸውንም ከነነጠላቸው ጎተታቸው። አባቴ እንደዚያ ነው የሚያይ! ፊቱ ለገዢ ነው፣ ጀርባው ለሸማኔ ነው ይላል አባቴ። ይሄ ሰውዬ የሙያ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

"ይሄን ማን ሠራው?" አለ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፈገግ ብለው፦ "የኔ ሸማኔ ነው" አሉ። ገነትም ልትተረጉም አፏን ከፈተች።

እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ። ቀና አልኩ። "አባቴ ነው" አልኩ። "ገነት፣ አባቷ ነው በይው።"

ገነት እትዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነገረችው። ሽማግሌው የእሳቸውን ነጠላ ለቀቀና ወደ እኔ ዞረ። ሁለት መዳፉን ገጥሞ፣ እንዲህ፣ እንዲህ አድርጎ፣ ለእኔ ጎንበስ አለ። ለእኔ! እትዬ አጠገቤ ቆመዋል። "አባቴ ሸማኔ ነበር" አለኝ። "እኔም ከጉድጓዱ ሥር ነው ያደግሁት። ይሄ እቤታችሁ እያለ ከኔ ዘንድ ምን ልትፈልጉ መጣችሁ?"

ይኸው! የአባቴ ጥያቄ! እኔ የዋጥኩትን እሱ ቦምቤይ ላይ አወጣው። ገነት ስትተረጉመው እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ጫፉን ገልበጥ አድርገው አዩት። ለብሰውት ስንት ዓመት፣ ጀርባውን ያን ቀን ገና ማየታቸው ነው።

ሽማግሌው ምሳ አስመጣልን። እኔ ደስታ አስክሮኝ ጠቅልዬ ላጎርሰው እጄን ዘረጋሁ፤ ደነገጠ፣ ከዚያ አፉን ትቶ መዳፉን ዘረጋልኝ፤ መዳፉ ላይ አጎረስኩት! እትዬም አንድ ቀይ ሐር ገዙ። ለመልሱ ቀን አሉ። ለሰርጉ አላሉም። እኔ ሰምቻለሁ፣ ግን ጮቤ አልረገጥኩም፤ እዚያ አልረገጥኩም።

እንደተመለስን በሦስተኛው ቀን ጥቁሯ መኪና ኮልፌ መጣች። አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ጋ ቆመች፣ እና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው ወርደው፣ ጭቃውን ረግጠው፣ ደጃችን ድረስ መጡ። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። "የልጄን ቀሚስ ጨርስልኝ" አሉት።

"አላቆምኩትም እኮ እመቤቴ" አለ አባቴ። "ላስረክብዎ እስኪመለሱ ነው የጠበቅሁ። ጨርሼዋለሁ።" ለካ እኛ ሽርሽር ላይ ሳለን እሱ ሲሠራ ነበር! ጨርቁን አጥፎ ሰጣቸው። እና እሳቸው ምን አደረጉ? ገለበጡት። ጀርባውን አዩት። አባቴ ያን ጊዜ ነው ዓይኑን አንስቶ እኔን ያየኝ። እኔ ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፣ ይዤው አለሁ።

ሙሽራዋ በአባቴ ቀሚስ ወጣች። እኔም አደባባይ ላይ "የማን ሥራ ነው?" ባሉ ቁጥር "አባቴ ነው" እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። እና ልጄ፣ ሂጂ፣ ብዪ፣ ግዢ፣ ተዝናኚ። ግን ከመግዛትሽ በፊት ገልብጠሽ እዪ። ደግሞ እዚህ ያለሽንም ሳትገለብጪ አትናቂ።

(ሄለን ለጉዞው የገዛችውን ቀሚስ እጅጌ ቀስ ብላ ገለበጠች፣ አየችው፣ ቶሎ መለሰችው። እማማ አልታዬ ግን አይተዋታል።

"እህስ?" አሏት።

"ኧረ ይተዉኝ እማማ!" አለች፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ያስተኛሁት ልጄም ነቃ።)