ለሰው እግር ሦስት ደቂቃ

ካሊድ፣ ሚስተር ፕሮሰር ጎን ቁጭ በልና ተርጉምላቸው። ስድቡንም እንዳትቀንስ፣ ኦኬ?

እኔ ዘሀራ፣ የዚህ የብረት በር ፋብሪካ የሺፍት ኃላፊ፣ የመጡበትን ቀን አልረሳም። ከዌልስ መጥተው ፋብሪካውን የገዙት ሰውዬ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ሱፍ ለብሰው፣ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ያንን ባለ ስድስት መስመር መንገድ በእግራቸው ተሻግረው ከች አሉ! በቴክሳስ በእግሩ የሚመጣ አለቃ ማን አይቷል? በር ላይ የነበረው ነጋ፣ “ሥራ የለም አባባ፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ” ብሎ መለሳቸው። ተሻግረው ሄዱ! ከዚያ የግዢውን ወረቀት ይዘው እንደገና ተሻገሩ። ነጋ፣ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ።

ብሎን ወለል ላይ ወድቆ ካዩ ደግሞ ጉድ ፈላ። አንስተው፣ በመሀረብ ጠርገው፣ “ይሄ ያንቺ ነው?” ይላሉ። ለአንድ ብሎን የግማሽ ሰዓት ምርመራ!

ግን ዛሬ በዚህ የሽኝት ግብዣ ለሳቅ ብቻ አልቆምኩም። ተናድጃለሁ። ከዓመታት በፊት ጳውሎስ ከሺፍት ወጥቶ አውቶቡስ ሊይዝ ሲሻገር እዚያ መንገድ ላይ መኪና እግሩን ሰበረው። ሚስተር ፕሮሰር የእግረኛ ማሻገሪያ መብራት ሊጠይቁ ሲቲ ካውንስል፣ የከተማው ምክር ቤት፣ ሄዱ። ለመናገር ሦስት ደቂቃ ሰጧቸውና ሲያልቅ ደወል ደወሉባቸው። ፊታቸው በርበሬ መስሎ ተመለሱ። “ለሰው እግር ሦስት ደቂቃ? እኔው ራሴ ገብቼ እቀመጣለሁ!” አሉ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሁለት ላይ ተመርጠው ገቡ።

ስድስት ዓመት! በየዓመቱ መብራቱን አቀረቡ፣ በየዓመቱ ስድስት ለአንድ ተሸነፉ። ሌሎቹ ስድስቱ ለጎልፍ ሜዳው ፏፏቴ እጃቸውን ለማውጣት ተሽቀዳደሙ፤ ለእኛ ሲሆን “ትራፊክ ይዘገያል” አሉ። ኧረ በአላህ! እኛ ሰው አይደለንም? ባለፈው ሳምንት ከካውንስሉ ሲሰናበቱ ደግሞ ሳያፍሩ የምስጋና ሰሌዳ ሰጥተው አጨበጨቡላቸው። እሳቸውም፣ “መንገዱ ላይ ትከሉት” ብለዋቸው ወጡ።

ሚስተር ፕሮሰር፣ ሌላው ሲሾም የመጣበትን ይረሳል። እርስዎ እስከ ዛሬ መኪናዎን ማዶ ፓርክ አድርገው ከእኛ ጋር ይሻገራሉ። “ካልተሻገርኩ እረሳዋለሁ” ይሉናል። አላህ ይስጥልን፤ ይሄን ውለታ አንረሳም።

አሁን ልብዎ ደክሞ ሐኪሙ “ይብቃዎት” ብሏል። ትናንት “ወንበሩን ለነዚያ ትቼ መሄዴ ነው” ሲሉ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር። አይተዉላቸውም! ሰኞ በምሳ ሰዓቴ ሄጄ ለወንበርዎ ለመወዳደር ፎርም ሞልቻለሁ። ጸሐፊዋ “ለምን ትወዳደሪያለሽ?” አለችኝ። “ሦስት ደቂቃ አይበቃኝም” አልኳት።

በሉ፣ ቢራም ይሁን ኮካ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ! ሚስተር ፕሮሰር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። መብራቱ የበራ ቀን መጀመሪያ የሚሻገሩት እርስዎ ነዎት። እስከዚያ መሞት ክልክል ነው! ካሊድ፣ ይቺን ደግመህ ንገርልኝ።