በሌላ ስም የምትጫወት እናት

በዚህ በሰው አገር ከተማ፣ ከጋአን ሊባህ ሰፈር ወደ ዋሄን ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ያወራሉ።

«ደሴ ያለችው ልጅሽ አሁንም ከስልኩ አትላቀቅም?» አለች አንደኛዋ።

«የምታሳድጋት እህቴ ‹ጌም በላት› ትላለች። እኔ ስደውል ‹ደህና ነኝ› ብላ ትዘጋዋለች።»

«ስልኩን የላክሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔው ነኝ። አሁን ጌሙን ጭኜ በሌላ ስም አብሬያት እጫወታለሁ።»

«አንቺ? ፎቶ መላክ እንኳ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«ሁሌ እሸነፋለሁ። እንዴት እንደሚጫወቱት እየጻፈች ታሳየኛለች። እኩያዋ እመስላታለሁ።»

«ሌላስ ታወራሻለች?»

«ትናንት ለምን ቀኑን ሙሉ እንደምትጫወት ጠየቅኳት። ‹እዚህ ቤት የሚያዋራኝ የለም› አለችኝ።»

«ታዲያ እናትሽ ነኝ አትያትም?»

«ብነግራትና ጌሙንም ብትዘጋብኝስ?»

ዋሄን ስንደርስ የእናትየዋን ፊት ለማየት ዞር ልል አሰብኩና ተውኩት።