የአቶ ገብረየስ የማባረሪያ ደብዳቤ

አንድ ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ላነብ ብገባ የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረየስ ከኮፒ ማሽን ጋር ግብ ግብ ገጥመዋል። መቶ አባወራ የሚታዘዝላቸውን ሰው ማሽኑ አልታዘዝ ብሏቸዋል። የእድራችን ልጅ ዕድላዊት ልትረዳቸው ተነሣች፤ የታሪክ መምህርት ናት። ወረቀቱን ስታየው ግን እጇ ቆመ። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩት አቶ ሠረቀብርሃን ከነደጋፊዎቻቸው ከእድሩ እንዲሰረዙ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር።

"ጋሼ፣ አበልጅዎ አይደሉም እንዴ? ምን አጠፉ?"

"የሐዘን ቤቱን ነገር ሁሉ እዚህ ያለው ኮሚቴ ይወስን ስንል፣ 'የአሌክሳንድሪያን እኛው እንወስን' ብሎ ሰው ይሰበስባል። ቡድን የገባበት ቤት ይፈርሳል፣ ልጄ።"

"የዚህ አገር መሥራቾችም እንደርስዎ ቡድን ይፈሩ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ግን ለሁለት ተከፈሉ። ፌዴራሊስቶቹ 'ማዕከላዊው መንግሥት ይጠንክር፣ ብሔራዊ ባንክ ይኑር፣ ንግድ ይስፋፋ' አሉ። እነ ጄፈርሰን ደግሞ 'ሥልጣኑ ለየስቴቱ ይቅር፣ ገበሬው አይረሳ' አሉ።"

"እኔ እንግዲህ ፌዴራሊስት ነኛ" አሉ ሽማግሌው፤ ማዕረግ የተሰጣቸው ይመስል ኮታቸውን አስተካከሉ።

"ነዎት። ፌዴራሊስቶቹ መንግሥትን የሚነቅፍ የሚታሰርበት ሕግ አወጡ። ብዙ ሰው ተቀየማቸው፤ በፈረንጆቹ 1800 በተደረገው ምርጫ ተሸነፉ።"

"አሸናፊዎቹስ አባረሯቸው?"

"አላባረሯቸውም። ምክር ቤት ተቀምጠው መከራከራቸውን ቀጠሉ። የተሸነፈው የፌዴራሊስቶቹ ፕሬዚዳንት አዳምስም ኋላ ካሸነፈው ከጄፈርሰን ጋር ታርቆ እስኪሞቱ ተጻጻፉ።"

አቶ ገብረየስ ደብዳቤውን ከማሽኑ ላይ አነሡ። ቁስላቸው ሌላ ኖሯል። "ልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው እንዴት ሚቲንግ ላይ ቆሞ ይቃወመኛል?"

"ቢጠሉዎት ኖሮ ትተውዎት የራሳቸውን እድር ያቋቁሙ ነበር። ፊት ለፊት የሚናገርዎ አብሮዎት መኖር የሚፈልግ ነው። ዝም ቢያሰኟቸው በሆድ ይይዙታል፤ በሆድ ቂም ይዞ ደግሞ ቀብር አይኬድም።"

እኔም እውነቷን ነው አልኩ በልቤ፤ ስንቱ እድር በዝምታ ፈርሷል። ሽማግሌው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በወሩ በሐዘን ቤቱ ጉዳይና በዳኛ ምርጫ ላይ ድምፅ ተሰጠ። የአሌክሳንድሪያዎቹ አሸነፉ፤ አቶ ሠረቀብርሃንም ዳኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የአሌክሳንድሪያ ሐዘንተኛ ከሜሪላንድ ውሳኔ ሲጠብቅ አይውልም፤ አንድም አባል ከእድሩ አልወጣብንም።

ድምፅ በተሰጠበት ዕለት አዲሱ ዳኛ መጀመሪያ የመናገር ዕድል የሰጡት ለተሸናፊው ነበር። አቶ ገብረየስ ያንን ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ለጉባኤው አሳዩ።

"ይህን ልኬው፣ እናንተም 'የተቃወመ ይባረር' ብላችሁ ደንብ አድርጋችሁት ቢሆን ኖሮ" አሉ፣ "ዛሬ የሚባረረው እኔ ነበርኩ።"