ሮበሌን ፈሪ ያልነው እኛ ነን

የተከበራችሁ አባቶቼ ካህናት፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ቀባሪዎች፤ እህቴ ገላኔ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

የባልሽ፣ የጓደኛዬ የሮበሌ የሕይወት ታሪክ ተነብቧል። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት መሥራቱን፣ የዱቄቱ ብናኝ ሳንባውን መጨረሱን ሁሉም ሰምቷል። ፍርሃቱን ግን ማንም አልጻፈውም። እኔ እናገረዋለሁ።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ደጅ ይቀመጣል። ፈሪ አልነው። ታክሲ ላይ መስኮት ዳር ካላገኘ አይሳፈርም። ፈሪ አልነው። ማነው ያላለው?

አንድ ቀን ከጎፋ ስንመለስ መስኮቱን ከፈተ። አንዱ ጎረምሳ ከኋላ፣ «ፋዘር፣ ይዝጉት እንጂ! ንፋስ ሊመታን ነው!» አለው።

«እኔን የሚገድለኝ ንፋስ ማጣቱ ነው» አለ ሮበሌ።

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ፣ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሮበሌ ጉልበቴን ጭምቅ አደረገኝ። ላብ አጠመቀው። መካኒሳ ሳንደርስ ወረደ። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድ አይደለህም?» አልኩት። የሚመልስበት ትንፋሽ አልነበረውም።

ባለፈው ክረምት ታሞ ሲተኛ ጠያቂ ሆነን ቤቱን ሞላነው። ብርድ እንዳይነካው ብለን በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። ሲስተር ሀኒፋ ከጤና ጣቢያ መጣች። «ልትጠይቁት ነው ልታፍኑት?» ብላ ሁሉንም አስወጣች። እኔ አልወጣም አልኩ።

«ትንፋሽ ሲያጥረው ይፈራል፤ ሲፈራ ይብስ ያጥረዋል። በሽታው ነው እንጂ ወኔ ማጣት አይደለም» አለችኝ። ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሹሎ፣ ትንፋሹን ቀስ እያለ እንዲያስወጣ አሳየችው። እኔንም አብረህ ተንፍስ አለችኝ። ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጠን እፍ ስንል ሮበሌ ሳቀ። ቀለል ሲለው፣ «ሁንዴሳ፣ በየቀኑ እኮ የምሞት ይመስለኝ ነበር። ለማን ልንገር? ላንተ?» አለኝ።

ላንተ! ይህቺን ቃል እስካሁን አልዋጥኳትም።

ወገኖቼ፣ በየቀኑ ሞትን እያየ፣ ተነስቶ ልብሱን ለብሶ ለቅሶአችን የደረሰ ሰው ፈሪ ነው? ዛሬስ እዚህ መካከላችሁ ደረቱ እየታፈነ፣ እንዳይሳቅበት ዝም ያለ ሰው የለም? አለ! ጠይቁት። ሲነግራችሁም አትሳቁ።

ሮበሌ፣ ወንድሜ። ሁንዴሳ በሰው ፊት «አጥፍቻለሁ» ብሎ አያውቅም። ዛሬ እላለሁ፤ አጥፍቻለሁ። ደግሞም ፈርቻለሁ። ነገ ያላንተ መንገድ መውጣቱን ፈርቻለሁ። ሰው ሁሉ ይስማ፤ አላፍርበትም።

በል ደህና ግባ።